እውነተኛውን አፕዴት እንሸሻለን፣ ሐሰተኛውን እናወርዳለን

«እኔ ምን የሚደበቅ ነገር አለኝና ነው የሚሰልሉኝ?» ይህችን አባባል ያልሰማ የለም። እህቷ ደግሞ «መንግሥት ከፈለገህ የትም አታመልጥም» ትላለች። የመጀመሪያዋ የቸልተኛ፣ ሁለተኛዋ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሰበብ ናት። ሁለቱም እንደማያዋጡ የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል።

በታኅሣሥ 2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቤልጂየም ለሚገኝ የኢሳት ባልደረባ በስካይፕ አንድ ፋይል ተላከለት። ስሙ «ለኢሳት የሚሆን ጽሑፍ» የሚል ነበር። ፒዲኤፍ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም የሚሸጠው የስለላ ሶፍትዌር ነው። ጉዳዩን የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በየካቲት 2014 ይፋ አደረገው። በ2015 ድርጅቱ ራሱ ተጠልፎ ሰነዶቹ ሲዘረገፉ፣ የእኛው ኢንሳ ደንበኛው እንደነበረ ዓለም አነበበ።

ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ ያስተምራል። ከ2016 ጀምሮ ውጭ አገር ለሚኖሩ ተቃዋሚዎችና አክቲቪስቶች፣ በወቅቱ የኦኤምኤን ኃላፊ ለነበረው ጃዋር መሐመድ ጭምር፣ የቪዲዮ ሊንክ የያዙ ኢሜይሎች ይላኩ ነበር። ሊንኩ የሚወስደው የታወቀ የኤርትራ ቪዲዮ ድረ ገጽ ወደሚመስል ገጽ ነው፤ አድራሻው መጨረሻ ላይ ብቻ ይለያል። ገጹ «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ማጫወቻዎን አፕዴት ያድርጉ» ይላል። እሺ ብሎ ያወረደ ሰው፣ ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ድርጅት የሠራውን የስለላ ሶፍትዌር በገዛ እጁ ኮምፒውተሩ ላይ ጫነ። ይህንንም ሲቲዝን ላብ በታኅሣሥ 2017 አጋልጦታል።

እንግዲህ ልብ በሉ። መንግሥት በውድ ዋጋ የሚገዛው መሣሪያ እንኳ የእናንተን ጣት ጠብቆ ነበር። በር አልሰበረም፤ አንኳኳ፣ ተከፈተለት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የተባለው ለዚህ ነው።

«ፔጋሰስ ያለ ምንም ክሊክ ይገባ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ይገባል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ግን እጅግ ውድ ነው፤ ለተመረጠ ሰው እንጂ ለመንገደኛው ሁሉ አይወጣም። ግንብ የሚንድ ታንክ አለ ብሎ በሩን ሳይቆልፍ የሚያድር ሰው አለ? የእኛን ሰው ደጋግሞ የጎዳው ታንኩ አይደለም፤ ያልተቆለፈው በር ነው።

«የሚደበቅ የለኝም» ለምትሉትም መልስ አለ። የጋዜጠኛው ኮምፒውተር ሲያዝ የሚያዘው ጋዜጠኛው ብቻ አይደለም። ከአገር ቤት መረጃ ያቀበለው ሰው ስም፣ ስልክና መልእክት አብሮ ይያዛል። ዲሲ የተቀመጠው ሰው ቢበዛ ያፍራል፤ አገር ቤት ያለው ግን ይታሠራል። የሚደበቅ ነገር የሌላችሁ ቢሆን እንኳ፣ ስማቸው እናንተ ስልክ ውስጥ ያለ ሰዎች አሏችሁ።

«ፍርድ ቤት አለ» የምትሉም ስሙ። ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ፊንስፓይ በተባለ ሶፍትዌር ኮምፒውተሬ ተሰልሏል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት ከስሶ ነበር። በ2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም በማለት ክሱን ውድቅ አደረገው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ከሆነ ሌላው ቦታ ምን ይጠበቃል? ሰላዩ ጥፋተኛ ነው፤ ይህን ለመናገር ማንም አይቀድመኝም። ግን ጅብ ከሄደ በኋላ ቢጮኹ ምን ይፈይዳል?

አሁን ወደ ገመናችን። ዳታ ውድ ነው፣ ፓኬጅ ያልቃል ብለን ብሮውዘራችን አፕዴት እንዳያደርግ እንዘጋዋለን። ያው ሰው «ስልክዎ ቫይረስ አለበት፣ አሁኑኑ ያጽዱ» የሚል ገጽ ሲመጣበት ግን ሃምሳ ሜጋባይት ሳያቅማማ ያወርዳል። እውነተኛው አፕዴት የሚደፍነው የታወቀ ቀዳዳን ነው። ድፍኑ በወጣ ማግስት ሌቦቹ ቀዳዳው የት እንደነበረ ያውቃሉ፤ ያልደፈነውን ሰው ይፈልጋሉ። ፓኬጅ ቆጥቤያለሁ የምትሉት ያኔ ነው።

ስለዚህ፦

አፕዴት ከብሮውዘሩ ከራሱ ሴቲንግ ወይም ከፕሌይ ስቶርና ከአፕ ስቶር ብቻ ይወሰድ። ድረ ገጽ «አፕዴት አድርግ» ካላችሁ ዝጉት። ፍላሽማ ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ የለም፤ ዛሬ ጫኑት የሚል ገጽ ሌባ ነው።

አድራሻውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። የቁልፍ ምልክቱ መስመሩ የተመሰጠረ መሆኑን እንጂ የገጹ ባለቤት ታማኝ መሆኑን አይናገርም።

የማትጠቀሙበትን ኤክስቴንሽን አጥፉ። አንዳንዱ የምትከፍቱትን ገጽ ሁሉ የማንበብ ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱን የሰጣችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

በቴሌግራም የሚዞር የኤፒኬ ፋይል አትጫኑ፣ የላከው የአክስት ልጅ ቢሆንም። እሱም ከሌላ ነው ያገኘው።

ያልጠበቃችሁት ፋይል ከወዳጅ ቢመጣ ደውላችሁ ጠይቁ። የአንድ ደቂቃ ጥሪ ነው።

የቻናል ባለቤቶች ሆይ፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። በመቶ ሺህ ሰው ፊት ሳታጣሩ የምትለጥፉት ሊንክ የሰላዩን ሥራ በነጻ መሥራት ነው። «ሰበር» ለማለት መቸኮላችሁ የሰው በር ያስከፍታል።

መንግሥታት ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ የስለላ ገበያው ግን ገዢ አጥቶ አያውቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ዛሬ ማታ ዋይፋይ ስታገኙ መጀመሪያ ቪዲዮ አትክፈቱ፤ ብሮውዘራችሁን አፕዴት አድርጉ። ከዚያ የእናታችሁን ስልክ ተቀብላችሁ የእሷንም አድርጉላት።