"ሆልድ" መያዝ ነው ወይስ መልቀቅ?

እኔ አለሁ፤ ከአረካ ጭቃ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። የዛሬው ጨዋታችን ስለ እንግሊዝኛ ነው። አይዟችሁ፣ ፈተና አይደለም! እኔም ብሆን አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የወጣሁ ሰው ነኝ እንጂ የቋንቋ ምሁር አይደለሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ መልስ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ቤቴ መጣች። "ወንድሜ፣ አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ ሰው ነህና ይቺን አንብብልኝ" ብላ ሞባይሏን አቀበለችኝ። መልእክቱ ከስምንት ወር በፊት የተላከ ነው። ላኪው የሦስት ዓመት ጓደኛዋ፣ ተመርቆ አዳማ ሥራ የያዘ ልጅ። "ሌት አስ ፑት አወር ሪሌሽንሺፕ ኦን ሆልድ" ይልና ከታች "ዩርስ ፌይዝፉሊ" ብሎ ስሙን አስቀምጧል። አለቀ።

ልጅቷ መዝገበ ቃላት አገላብጣለች። "ሆልድ" መያዝ፣ "ፌይዝፉል" ታማኝ። እናላችሁ "ፍቅራችንን አጥብቀን እንያዝ፤ ያንቺው ታማኝ" ብሎኛል ብላ ስምንት ወር ሙሉ በደስታ ጠበቀችው! በዚህ መሐል ሶዶ የተገኘላትን ሥራ "እሱ ይምጣና አብረን እንወስናለን" ብላ አሳደረችው። የመጡባትንም ሽማግሌዎች መለሰች። ሲደወልለት ሁሌ ስብሰባ ላይ ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ዘመዱ መንገድ ላይ አግኝቷት "እናንተ እኮ ተለያይታችኋል አሉ" አላት። ለዚህ ነው የመጣችው።

ምን ልበላት? "ሆልድ" ብቻውን ሲቆም መያዝ ነው፣ ልክ ነሽ። "ኦን ሆልድ" ሲሆን ግን ማቆየት ነው። ስልክ ደውለሽ "እባክዎ ይጠብቁ" ተብለሽ ሙዚቃ እንደምትሰሚው ማለት ነው። "ዩርስ ፌይዝፉሊ" ደግሞ ታማኝነት ሳይሆን የደብዳቤ መዝጊያ ነው። ትምህርት ቤት ያስተማሩን "ዲር ሰር" ብለን ስሙን ለማናውቀው ኃላፊ ስንጽፍ እንድንዘጋበት ነው፤ ስሙን ለምናውቀው "ዩርስ ሲንሲርሊ" ይባላል። ወዳጄ ሦስት ዓመት የወደዳትን ልጅ እንደ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው የተሰናበታት።

እንግሊዝኛ እኮ ለመጨረስ የሚሆን ቃል አላጣም። ሰው የያዘውን ሥራ ዳር ሲያደርስ "ፊኒሽ" ነው፤ ፊልሙ ራሱ ሲያልቅ "ኢንድ" ነው። ሱቅም የባንክ ሂሳብም "ክሎዝ" ይደረጋል። "ሻት" ያው መዝጋት ነው፣ "ሻት አፕ" ካላችሁ ግን አፍ ነው የምታዘጉት። "ተርሚኔት" የውልና የቅጥር ቃል ነው፤ ፍቅር ላይ ካመጣችሁት የስንብት ደብዳቤ ይመስላል። "ኤክስፓየር" መድኃኒትና ፓስፖርት ላይ ነው የምናውቀው፤ ሰው ላይ ሲውል መሞት ይሆናልና ተጠንቀቁ። "ኮል ኢት ኤ ዴይ" ለዛሬ ይብቃን እንደማለት ነው። ቃል በቃል ሲያዩት ቀን መቁረጥ ይመስላል፣ ለሠርግ እንዳትዘጋጁ! የተቆረጠን ሠርግ ማፍረስ ደግሞ "ኮል ኦፍ" ነው። ጓደኛሞች ሲለያዩ የሚባለው "ብሬክ አፕ" ነው፤ ይቺን የማያውቅ ወጣት ያለ አይመስለኝም። ልጁም አያጣትም።

ከሁሉ ተንኮለኛው "አድጆርን" ነው። ስብሰባው "አድጆርን" ሆነ ከተባለ ተላለፈ እንጂ አልተዘጋም። እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮ በሉት። "ኦን ሆልድ"ም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ቀን አለመቁረጡ ነው። የአዳማው ልጅ መዝገቡን ሳይዘጋ፣ ቀጠሮም ሳይሰጥ ሄደ።

ለምን በእንግሊዝኛ? ይኼ ነው የከነከነኝ። እዚህ አረካ ልጅ አፉን በወላይትኛ ይፈታል፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤትና ከገበያ ይለቅማል፣ ክፍሉ ከፍ ሲል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። እነዚህ ልጆች የተዋደዱት በወላይትኛ ነው። የተጣሉትም የታረቁትም በወላይትኛ። መለያየት ሲመጣ ግን ሦስተኛው ቋንቋ ተጠራ! በእናትህ ቋንቋ "አልፈልግሽም" ስትል የገዛ ጆሮህ ይሰማሃላ። በእንግሊዝኛ ሲሆን ሌላ ሰው የተናገረው ይመስላል።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት ለአንዲት ልጅ "ቴክ ኬር" ብቻ ጽፌ ጠፍቻለሁ። እሷ "ራስሽን ጠብቂ" ያልኳት መስሏት አመሰገነችኝ። እኔ ግን "ከእንግዲህ አትጠብቂኝ" ማለቴ ነበር።

አማርኛችን "መቋጨት" የምትል ቃል አለችው። ሸማኔ የሠራውን ጋቢ ጫፍ ሲቋጭ አይታችሁ ይሆናል፤ ያልተቋጨ እንደሆነ ክሩ ይተረተራል። እናንተ ወንዶች፣ ሴቶችም ብትሆኑ፣ መለያየት ከፈለጋችሁ ፊት ለፊት፣ ካልሆነም በስልክ፣ ሰውዬው በሚገባው ቋንቋ "በቃን" በሉ። ታለቅስ ይሆናል፣ ትሰድብህም ይሆናል። ግን ሥራ አታሳልፍም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ዝም ብላ ሰምታኝ ሰምታኝ "ኦን ሆልድ ከሆነ ታዲያ አላለቀም ማለት ነው?" አለችኝ። ይቺን ጥያቄ ነበር የፈራኋት። "አንቺ ስልክ ላይ 'ይጠብቁ' ብትባይ ስንት ደቂቃ ትጠብቂያለሽ?" አልኳት። "ሁለት፣ ሦስት።" ከዚያ የራሷ መልስ ገባት መሰለኝ ፊቷን አዞረች። ሻይ አፈላሁ፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

ቆይታ "በእንግሊዝኛ መልስ ጻፍልኝ" አለች። "ኢት ኢዝ ኦቨር" አልኳት፤ አልቋል፣ አብቅቷል። አጭር ነው፣ ሆልድ የለበትም። ፊደሉን እየነገርኳት ራሷ ጻፈችው።

"ከታችስ? ፌይዝፉሊ ነው ሲንሲርሊ?"

"ስሙን ስለምታውቂው ሲንሲርሊ ነው።"

"ተወው" አለችና ስሟን ብቻ ጽፋ ላከችው።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ አየኋት፣ ሶዶ ልትሄድ ወረፋ ይዛለች። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሥራው ግን ስምንት ወር አልፎታል። ቦታው ተይዞ ይሁን አይሁን ገና አልነገረችኝም።