‹‹ዶክተር፣ ልጄ ፕሮፌሽናል ይሆናል?››

ዛሬ ስለ መድኃኒት አልጽፍም። ወላጆች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ የራሴን ሐሳብ ላካፍላችሁ።

በቅርቡ አንድ አባት የ15 ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። ልጁ በቁመት ይበልጠኛል፤ ትከሻው የጎልማሳ ነው፤ ጺሙም ማቀምቀም ጀምሯል። ‹‹አቦ ዶክተር፣ ይኼን ልጅ እየው!›› አለኝ አባትየው፣ በድሬ ልማድ ‹አንተ› እያለ። ‹‹የተከላካይ አማካይ ነው። በሰፈሩ እሱን አልፎ የሚሄድ ልጅ የለም። እድሜው ሦስት ዓመት ዝቅ ብሎ ከተጻፈ ውጭ ድረስ ይሄዳል ብለውኛል። ትምህርቱንም ለጊዜው ሊያቆም ነው። አንተ ሐኪም ነህ፤ ሰውነቱን አይተህ ንገረኝ፣ ፕሮፌሽናል ይሆናል?››

የመጡት ግን ለጉልበቱ ነበር። ከጉልበቱ ሎሚ በታች አብጧል፤ ሲነካ ያመዋል። ጨዋታ በደረሰ ቁጥር የህመም ማስታገሻ መርፌ እየተወጋ ሜዳ ይገባ ነበር።

በአባትየው አልፈርድም። ድሬዳዋ የኳስ አገር ናት። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ የቡድኑ አምበል የነበረው ሉቺያኖ ቫሳሎ በድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫውቷል። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ደግሞ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት እዚሁ ከተማችን ስታዲየም ውስጥ ነው። በዚህ ታሪክ ያደገ አባት ጎበዝ ልጅ ሲኖረው ቢያልም ምን ይገርማል? ኑሮውም እንደምታውቁት ነው።

ቢሆንም የመለስኩለት እንዲህ ብዬ ነው፦ ‹‹የልጅህ ግዝፈት የሚነግረኝ ዛሬ የት እንደደረሰ ነው፤ ነገ የት እንደሚደርስ አይነግረኝም።›› ምክንያቱን ላስረዳ።

ወንዶች ልጆች በአንድ ጊዜ አይመዘዙም። አንዱ በ12 ዓመቱ ይጀምራል፤ ሌላው እስከ 15 እና 16 ይዘገያል። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት የ14 ዓመት ልጆችን የእጅ አንጓ ራጅ ብናነሳ፣ የአጥንታቸው እድሜ በዓመታት ሊራራቅ ይችላል። ቀድሞ ያደገው ልጅ በጉልበትም በፍጥነትም ይበልጣል፤ ተጋጥሞ ይጥላል፤ ተመልካችም ‹‹ይኼ የተለየ ነው!›› ይላል። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን እነዚያ ትንንሾቹ ይደርሱበታል። ያን ጊዜ በትከሻው ብቻ ሲያሸንፍ የኖረው ልጅ ሌላ መላ ያጣል። ትንሹ ደግሞ ጉልበት ስላልነበረው ቀድሞ ማየትን፣ ቶሎ ማሰብን፣ ኳስን በአንድ ንክኪ መልቀቅን ተምሯል።

ምሳሌ ከፈለጋችሁ በዚሁ ቦታ የሚጫወተውን ንጎሎ ካንቴን ተመልከቱ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 ነው። በልጅነቱ በትንሽነቱ ምክንያት ትልልቅ ክለቦች ትተውት በፈረንሳይ ዝቅተኛ ሊጎች ቆይቷል። በኋላ ከሌስተርና ከቼልሲ ጋር በተከታታይ ሁለት ዓመት የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የዓለም ዋንጫን ከፈረንሳይ ጋር አነሳ። በ15 ዓመቱ እኔ ጋ አምጥተውት ‹‹ይሆናል?›› ቢሉኝ፣ ሰውነቱን አይቼ ምን እል ነበር?

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ስትመዝኑ ‹‹ስንቱን ጣለ?›› አትበሉ። ከእሱ ከሚገዝፉ ጋር ሲጫወት ምን ያደርጋል? ኳስ ሳይደርሰው ዞር ብሎ ያያል? ሲሳሳት ይማራል ወይስ ይናደዳል? ማንም ሳያዘው ይለማመዳል? እነዚህ ከቁመት የተሻሉ ምልክቶች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ዋስትና አይሰጡም።

እድሜ ስለመቀነስም በግልጽ ልናገር። ውሸት ከመሆኑ ሌላ ልጁን ራሱን ይጎዳል። 15 የሞላው ልጅ ከ12 ዓመት ልጆች ጋር ሲጫወት እነሱን ይሰብራል፤ እሱም በጉልበት ማሸነፍን ብቻ እየተማረ ይቀራል። ደግሞም አይደበቅም። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ይመረምራል። ወረቀት ቢዋሽ አጥንት ይናገራል።

ታዲያ ሐኪም ምን ሊነግራችሁ ይችላል? ‹‹ፕሮፌሽናል ይሆናል›› ማለት አልችልም። ‹‹በጤና መጫወት ይችላል ወይ?›› ለሚለው ግን መልስ አለኝ። ሦስት ነገሮችን ተመልከቱ፦

1. ልብ። ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎዬም የተከላካይ አማካይ ነበር። ግዙፍ፣ ጠንካራ። ሰኔ 19 ቀን 1995 ዓ.ም. ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወቱ ሜዳ ላይ ወድቆ በ28 ዓመቱ አረፈ። በአስከሬን ምርመራ የልብ ችግር እንደነበረበት ታወቀ። ልጃችሁ ሲሮጥ ራሱን ስቶ ያውቃል? ደረቱን ያመዋል? ከእኩዮቹ በተለየ ትንፋሽ ያጥረዋል? ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ? አንዱ ካለ ልምምዱን አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ አምጡት፤ የልብ ምርመራ ያስፈልገዋል። በአገራችን ደግሞ በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የልብ በርን ሊያበላሽ እንደሚችል አትርሱ።

2. ጉልበትና አጥንት። የዚህ ልጅ ህመም በእድገት ላይ ባሉ ስፖርተኞች የተለመደ ነው። አጥንቱ በፍጥነት ሲረዝም ጅማቱ የሚያያዝበትን ቦታ ይስበዋል። ጭነት ሲቀንስ፣ በረዶ ሲያዝና የጭን ጡንቻ ሲፍታታ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይድናል። መርፌ ወግቶ ማጫወት ግን የሚጮኸውን ደወል መዝጋት ነው፤ እሳቱ አልጠፋም። ጉዳቱ ስብራት ወይም ውልቃት ከመሰለም ወጌሻ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ራጅ አስነሱ። ጠብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ ሲቆረጥ የሚያይ ሐኪም ነው ይህን የሚጽፍላችሁ።

3. እረፍትና ሙቀት። በሳምንት የልምምድ ሰዓቱ ከእድሜው ቁጥር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ የ15 ዓመት ልጅ ከ15 ሰዓት በታች ማለት ነው። በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ይረፍ። በድሬ ፀሐይ ቀትር ላይ አይለማመድ፤ ማለዳ ወይም አመሻሽ ይሁን፤ ውሃም አይለየው። ትኩሳት ያለበት ልጅ ሜዳ አይግባ፤ ወባም ደንጊም በከተማችን የታወቁ ናቸው።

‹‹ትምህርቱ ይቁም›› ለሚለው ግን መልሴ አይሆንም ነው። ‹‹ዕድል አንዴ ነው የምትመጣው›› ትሉኝ ይሆናል። ገብቶኛል። ነገር ግን ከሚሞክሩት ልጆች እዚያ የሚደርሱት በጣም ጥቂቶች ናቸው፤ የደረሰውንም አንድ የጉልበት ጅማት መበጠስ ሊመልሰው ይችላል። የግማሽ ቀን ትምህርት ኳስን አይከለክልም። ኳስ ሲቀር ግን ያልተማረው ልጅ እጁ ባዶ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

አባትየው ይህን ሁሉ ሰምቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እስከዚያች ሰዓት አንድም ቃል ያልተነፈሰው ልጅ ግን ቀና ብሎ ጠየቀኝ፦ ‹‹ዶክተር፣ ሳያመኝ የምጫወተው መቼ ነው?››

ያችን ጥያቄ መመለስ እችል ነበር። ‹‹መርፌውን ትተህ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት አርፈህ፣ ቀስ በቀስ ስትመለስ›› አልኩት። ፊቱ በራ። እሱ የፈለገው መጫወት ብቻ ነበር፤ ፕሮፌሽናል የሚለው የእኛ የትልልቆቹ ጭንቀት ነው።

ልጆቻችሁ ይጫወቱ፣ ያልሙም። እናንተ ደግሞ ልባቸውን፣ ጉልበታቸውንና ደብተራቸውን ጠብቁላቸው። ኳስ ተጫዋች ልጅ ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።

ጤናችሁ ይብዛልኝ!