ኩበቱን ከማውገዛችን በፊት ምድጃውን እንይ

ግንቦት እየተገባደደ ነው። ሞፈር ቀንበር የሚጠገንበት፣ ዘር የሚበጠርበት፣ የማዳበሪያ ወሬ ከሁሉ ወሬ የሚቀድምበት ጊዜ ነው። "መጣ ወይ? ዘንድሮስ ስንት ገባ?" የሚለውን ጥያቄ በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ዩሪያ አይደለም። በየቤታችን ግድግዳ ጥግ ተደርድሮ ክረምቱን ስለሚጠብቀው ኩበት ነው።

አስቀድሜ ልናዘዝ። ከኮሌጅ ወጥቼ ቀበሌ የተመደብኩ ሰሞን፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ "ኩበት ማንደድ መሬትን ማንደድ ነው!" ብዬ ነበር። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ገባሁ። ማታ የቀረበልኝ እንጀራ ግን በኩበት የተጋገረ ነበር። ያከራዩኝ እናት ስብሰባው ላይ ነበሩና ሳቅ ብለው "ልጄ፣ ኩበቱን ትቼ በምን ልጋግርልህ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ኮሌጅ የተማርኩት ኮምፖስት በምን በምን እንደሚነባበር እንጂ እሳቸው በምን እንደሚጋግሩ አልነበረም።

እኛ ያለንበት የሰሜን ሸዋ ደጋ ዛፍ የሳሳበት ነው። ውርጩም ችግኝ አያስበረክትም። ስለዚህ ኩበት የስንፍና ሳይሆን የችግር ማገዶ ነው። አንዳንዱ ቤትማ በአህያ ጭኖ ከተማ አውርዶ ይሸጠዋል፤ የጨውና የበርበሬ ገንዘብ ይሆናል። ይህን ሳያዩ መውቀስ ቀላል ነው። እኔም ወቅሻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በሚዛን ለማየት ፈለግሁ። እኒያው እናት ፈቀዱልኝና ለአንድ ሳምንት የሚያነዱትን ኩበት እየመዘንን ጻፍን። ሁለት ጊዜ እንጀራ ተጋግሯል፤ ወጥና ቡናም አለ። በሳምንቱ መጨረሻ 36 ኪሎ ሆነ። በቀን 5 ኪሎ ግድም ማለት ነው። በዓመት ሲሰላ ወደ 18 ኩንታል ይጠጋል።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ስልካችሁ ላይ ማስሊያ አለ። የደረቀ የከብት እበት ከመቶ እጁ ከ1 እስከ 2 ያህሉ ናይትሮጅን ነው። መካከለኛውን፣ 1.5ን እንያዝ። ከ18 ኩንታል ኩበት 27 ኪሎ ናይትሮጅን ይወጣል። ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ አንድ የ50 ኪሎ ኬሻ የሚይዘው 23 ኪሎ ነው። እንግዲህ አንድ ቤት በዓመት ከአንድ ኬሻ ዩሪያ የሚበልጥ ናይትሮጅን በጭስ መልክ በጣራ በኩል ይለቃል። ወረፋ ጠብቀን፣ ተበድረን፣ በአህያ ጭነን ያመጣነውን ያህል ማለት ነው።

ላጋንን አልፈልግም። ፍግ እንደ ዩሪያ ወዲያው አይሠራም፤ በመጀመሪያው ዓመት ሰብሉ የሚያገኘው ከፊሉን ብቻ ነው፣ ሲብላላም የሚባክን አለ። ግን ዩሪያ የሌለው ነገር አለው። ፎስፈረስና ፖታሲየም አለው፤ ከሁሉ በላይ አፈሩን ያለሰልሳል፣ ዝናብ ሲቆምም እርጥበት ያቆያል። ለዚህ ማስረጃ የሩቅ ጥናት መጥቀስ አያስፈልገኝም። ጓሯችሁን እዩ። ከቤት ጀርባ ያለው ገብስ ለምንድን ነው ከዳገቱ ገብስ የሚበልጠው? ዘሩ አንድ ነው፣ ዝናቡም አንድ ነው። ልዩነቱ አመዱ፣ ጥራጊው፣ እበቱ ሲደፋበት መኖሩ ነው። አያቶቻችን ማንም ሳያሠለጥናቸው ያወቁት ነው፤ ችግሩ ጓሮው ላይ መቆሙ ነው።

እና ኩበት ማንደድ ዛሬውኑ ይቁም ልላችሁ ነው? አይደለም። እኔ ደሞዝተኛ ነኝ፤ ምክሬ ባይሠራ ጦሟን የምታድረው ምጣድ የእናንተ ናት። የምለው ሌላ ነው፦ ኩበት የማይሆነውን እበት እናድን፤ ከዚያ ምድጃውን እንቀይር፤ ኩበቱ የሚቀንሰው ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ነው።

ኩበት የማይሆነው የቱ ነው? የክረምቱ። ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይ ስለሌለ እበቱ አይደርቅም። ስለዚህ ከበረት ተጠርጎ በር ላይ ይጣላል፣ ዝናቡ ያጥበዋል፣ ጥቁሩ ውኃ በቦይ አድርጎ ወደ ወንዝ ይወርዳል። የዓመቱ ሲሶ እበት ለምድጃም ለመሬትም ሳይሆን ይቀራል! እኔን የሚያንገበግበኝ ከሚነደው ይልቅ ይሄ ነው። የሚነደው ቢያንስ እንጀራ ጋግሯል።

ይህን ለማዳን ገንዘብ አይጠይቅም፤ የየቀን ልማድ ነው የሚጠይቀው። ለክረምት ጉድጓድ አትቆፍሩ፤ ውኃ ይሞላና ይሸታል፣ እበቱም አይብላላም። ጉድጓድ የበጋ ነው፣ እርጥበት ለመያዝ። በክረምት ከመሬት ከፍ ያለ፣ ውኃ የማይተኛበት ቦታ ላይ ክምር ሥሩ። ከበረቱ አይራቅ፤ የራቀ ክምር በሁለተኛው ሳምንት እንደሚረሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ከታች ጭራሮና አገዳ ለአየር ማስገቢያ ይነጠፋል። ከዚያ ገለባ፣ ከዚያ ዘር ያልቋጠረ አረምና ቅጠል፣ ከዚያ የዕለቱ እበት፣ ከላይ ስስ አፈር። በማግስቱም እንዲሁ። የባህር ዛፍ ቅጠል አታስገቡ፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ለሌላውም አይመችም። ፌስታል ደግሞ ጭራሽ! ከክምር ውስጥ ፌስታል ስለቅም ስንት ጊዜ ጀርባዬን አሞኛል። ላም ከበላችውማ ምን እንደሚሆን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ክምሩን በሣር ክደኑት፣ ቢቻል ትንሽ ዳስ ይሠራለት። ዝናብ እንዳያጥበው ነው፣ በኋላም ፀሐይ እንዳይመታው። መሃሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ ተዉ። በየሳምንቱ ነቅላችሁ ንኩት፦ ሙቅና ረጠብ ያለ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው፤ ደርቆ ከወጣ ውኃ ይፈልጋል፤ ቀዝቅዞ ከሸተተ ውኃው በዝቷል ወይም አየር አጥሮታልና ይገልበጥ። በየወሩ አንዴ ማገላበጥ አለ፤ ከባድ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። ሦስት አራት ቤት በወንፈል ከተያያዘ ግን በአንድ ጥዋት ያልቃል። ደጋ ስለሆንን ቶሎ አይደርስም፣ አራት ወርም ከዚያ በላይም ሊወስድ ይችላል። የአፈር ሽታ ሲሸትና እበትና ገለባው አልለይ ሲል ደርሷል። የበልግ ገብስ ለሚዘራ በደንብ ይደርስለታል።

የበረቱ ወለል ላይም ገለባ ወይም እብቅ መነስነስ ልመዱ። የከብት ሽንት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከእበቱ አያንስም፤ ዝም ብሎ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ገለባው ይመጥጠዋል፣ ጠዋት ተጠርጎ ወደ ክምሩ ይገባል። ከብቶቹም በደረቅ ይተኛሉ።

አሁን ወደ ምድጃው ልምጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እሱ ነውና። ሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ እሳቱን ለነፋስ ነው የሚሰጠው። ምርጥ ምድጃ የሚባለው፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው፣ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከኋላው ድስት የሚጣድበት አለው፣ በሚወጣው ሙቀት ወጥ ይሞቃል። ጭሱም ይቀንሳል፣ የእናቶችንና የሕፃናትን ዓይንና ሳንባ ያሳርፋል። እንጀራ ከሚጋገርበት ማገዶ ግማሹ ከተረፈ ደግሞ በበጋው እበት ላይ የምንከራከርበት ምክንያት አይኖርም፤ የተረፈው ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ለዚህ ነው ምድጃው ይቅደም የምለው። ምድጃ ሳይኖር "ኮምፖስት አዘጋጁ" ማለት እናቶችን ከእሳትና ከመሬት አንዱን ምረጡ ማለት ነው።

ምድጃው እስኪገኝም የሚደረግ አለ። ምጣድ ለማጋል ብቻ የሚሄደው ማገዶ ብዙ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን፣ በአንድ ምጣድ ቢከታተሉ ሁለተኛዋ በጋለ ምጣድ ትጀምራለች። ከእናቶች ጋር ስናወራ "ይሄማ ድሮም ነበር" አሉኝ። ታዲያ ለምን ቀረ?

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህን በስልክ የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ወንዶች ናችሁ። ስብሰባ የምትመጡትም እናንተ። እበቱን የሚዝቁት፣ ኩበቱን የሚጠፈጥፉት፣ ጭሱን የሚውጡት ግን እማወራዎቹና ልጆቹ ናቸው። እኛ ባለሙያዎችም የምንመክረው አባወራውን ነው፣ ከዚያ "ለምን አልተተገበረም?" ብለን እንገረማለን። ዛሬ ማታ ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸውና "ምን ይመስልሻል?" በሉ። ምድጃ የሚገዛበት ብር ሲጠየቅም ለመድኃኒት መርጫ የተገኘው ብር ለምድጃ ለምን እንደማይገኝ እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ።

ስለ አመድ በአጭሩ። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጅኑ ይሄዳል እንጂ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አመድ መንገድ ላይ አይደፋ፤ በደረቅ ቦታ ይጠራቀምና ጓሮ ወይም አሲዳማ ማሳ ላይ ይበተን። የአገራችን የሚታረስ መሬት 40 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው፤ አመድ ኖራን አይተካም፣ ግን ይረዳል። ከዩሪያ ጋር በአንድ ላይ ብቻ አትበትኑት፣ ናይትሮጅኑን ያበረዋል።

ማገዶ ደግሞ ይተከላል። ባህር ዛፍን እንደ ጠላት የሚያዩ አሉ፤ እኔ አይደለሁም። ባህር ዛፍ ያለው ቤት ኩበት የሚያነደው ያነሰ ነው። ቦታው ግን ገደልና የተራቆተ ዳገት ነው፤ ምንጭ ዳርና የማሳ ወሰን አይደለም። ለማሳ ዳር ትሪ ሉሰርን ይሻላል። ደጋ ይስማማዋል፣ ለከብት መኖ ይሆናል፣ ለአፈሩ ናይትሮጅን ያስገባል፣ ግንዱና ቅርንጫፉ ይነዳል። ዘሩ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ከመዘራቱ በፊት የፈላ ውኃ ፈስሶበት ማደር አለበት፤ ይህን ሳያደርጉ ዘርተው "አይበቅልም" ያሉኝ ሰዎች አሉ።

"ዘመቻው የት ሄደ?" የሚል ይኖራል። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ እርከን እንሠራለን፣ ሐምሌ ላይ ችግኝ እንተክላለን። ጥሩ ነው፣ እኔም አካፋ ይዤ እወጣለሁ። ግን ዘመቻ ወር ነው፣ ምድጃ 365 ቀን ይነዳል። የእኛም ጥፋት አለበት፦ ሪፖርታችን ላይ ኮምፖስት የሚጻፈው በሜትር ኪዩብ ነው፤ የተቆፈረ ጉድጓድ ሁሉ እንደሞላ ይቆጠራል። ስንት ቤት ምድጃ እንደቀየረ የሚጻፍበት ሳጥን ግን እኔ በሞላሁት ቅጽ ላይ አላየሁም።

"ማዳበሪያ ተዉ እያልከን ነው?" ለምትሉም፦ አይደለም። የአንድ ክረምት ክምር በደንብ ከተያዘ ግማሽ ጥማድ ያህል ያዳርስ ይሆናል። ሁሉም ማሳ ላይ ብትዘሩት ለየትኛውም አይበቃም። አንድ ጥግ ምረጡ፣ እዚያው አጠገብ ሳይነካ የሚቀር መስመር ተዉና በመኸር ጊዜ አነጻጽሩ። በእኔ አትመኑ፣ በነዶው እመኑ።

እኒያ እናት ባለፈው ክረምት ክምር ጀምረው ነበር። ምድጃውን የገዙት ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ሁለት ዶሮ ሸጡበት። ባለፈው ወር እንደገና መዘንን፦ የሳምንቱ ኩበት 36 የነበረው 23 ኪሎ ሆኗል። ግማሽ አልደረሰም፣ ቡናውና ወጡ አሁንም በጉልቻ ነው። ኮምፖስቱን ከበረቱ በላይ ባለችው ቁራሽ ማሳ ላይ በትነነዋል፣ ሰኔ ላይ ስንዴ ይዘራበታል፣ አጠገቡ ያለውን መስመር ትተነዋል። ኅዳር ላይ ሁለቱንም ለየብቻ አጭደን እንመዝናለን። ቢያምርም ባያምርም ፎቶውንና ኪሎውን እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

ሚዛኑ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው ያለው። የራሱን ቤት ኩበት መመዝን የሚፈልግ ረቡዕ ጠዋት መጥቶ ይውሰድ፤ በሳምንቱ ይመልስልኝ።