ያልተበጀተው ግማሽ ሥራ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሲ ቋንቋ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፍሁ። መስኮትም አዝራርም የላትም፤ በትእዛዝ መስመር ስሟንና የፋይሉን ስም ሲጽፉላት የወጪ መዝገብ አንብባ በበጀት ርእስ ትደምራለች። የተሠራችው ለሊኑክስ ነበር። አገር ቤት ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሲፈልጋት ግን ኮምፒውተሮቹ በሙሉ ዊንዶውስ ነበሩ።

ለማሻገሩ አንድ ቅዳሜ ይበቃል ብዬ ነበር። ኮምፓይለሩ ያለ አንዳች ቅሬታ ተቀበላት፤ ትናንሾቹን የሙከራ መዝገቦችም በትክክል ደመረች። በአንድ ትልቅ መዝገብ ላይ ግን ድምሩ ከዜሮ በታች ወጣ። ሂሳቡን የምይዘው በሳንቲም ነው፤ «ሎንግ» የሚባለው የቁጥር ዓይነት ደግሞ በ64 ቢት ሊኑክስ 64 ቢት፣ በ64 ቢት ዊንዶውስ ግን 32 ቢት ብቻ ነው። 32 ቢት የሚሸከመው እስከ 2,147,483,647 ሳንቲም፣ ማለትም እስከ 21.47 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። የሲ መስፈርት ከ32 ቢት በላይ ቃል ስለማይገባ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የዊንዶውስ አይደለም።

ከዜሮ በታች የወጣ ድምር እንኳ ሰውን ያነቃል። እኔን ያስደነገጠኝ 50 ሚሊዮን ብር ሞልቶ ፈስሶ 7,050,327 ብር ከ4 ሳንቲም ሆኖ መታየቱ ነው። ይህን ቁጥር የሚጠራጠር የለም፤ ሪፖርት ላይ ይሰፍራል፣ ይፈረምበታል።

በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎችም ስማቸው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ነበር። ዊንዶውስ ከ2019 ጀምሮ አንድ ፕሮግራም ዩቲኤፍ-8ን እንዲመርጥ ስለሚፈቅድ፣ ይህኛው በጥቂት መስመር ተፈታ።

«ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ ይጫኑት» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ከ2016 ወዲህ ይቻላል፤ ነገር ግን በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ምንም የመጫን ፈቃድ የሌለውን የሂሳብ ሠራተኛ ያስቡት። ምክሩ ወጪውን አያስቀርም፤ ከአንድ ጸሐፊ ትከሻ አውርዶ በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ላይ ይጭነዋል። በኢኮኖሚክስ ዓይን፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ሊያልቅ የሚችልን ወጪ በተጠቃሚው ቁጥር ማባዛት ነው።

እኛ በውጭ የምንኖር ባለሙያዎች ለአገር ቤት መሥሪያ ቤቶች መሣሪያ ማበርከት እንወዳለን። በማያቸው የፕሮጀክት ሰነዶች ግን ለመጻፉ እንጂ በተቀባዩ ማሽን ላይ ለመፈተኑ የተያዘ በጀት እምብዛም አላገኝም። በእኔ እምነት፣ በተቀባዩ ኮምፒውተርና በተቀባዩ ትልቁ መዝገብ የተፈተነ ውጤት ሳይያያዝ የርክክብ ሰነድ ሊፈረም፣ የመጨረሻው ክፍያም ሊለቀቅ አይገባም። የገንዘብ ሰጪዎች ተቃውሞ የጊዜ መራዘም ነው። የእኔ ቅዳሜ ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ያለቀው እነዚያን ድምሮች ከወረቀት መዝገብ ጋር በማመሳከር ነው።

አሁን ፕሮግራሟን ስልክ፣ የ50 ሚሊዮን ብር የሙከራ መዝገብ አብሬ እልካለሁ።