ዝንጀሮ ሐላልና ሐራም ያውቃል?



ሰሞኑን ከደብረ ታቦር ወጣቶቻችን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ እየመጣብን ነው። «እንስሳት ይተዛዘናሉ፣ ይረዳዳሉ፣ ያጠፋውን ይቀጣሉ። መልካምና ክፉ ያለ ኪታብና ያለ ነቢይ የሚታወቅ ከሆነ ሃይማኖት ለምን አስፈለገ?» ይላሉ። «አስተግፊሩላህ በል!» ብሎ ልጁን ማባረር መልስ አይሆንም። የተባረረ ልጅ ጥያቄውን ይዞት ነው የሚሄደው።

ከቅርባችን እንጀምር። በስሜን ተራሮች ጭላዳዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ጭላዳ በቤተሰብ ይኖራል፤ አንድ አውራ ወንድ በርከት ካሉ ሴቶች ጋር። ሴቷ ከሌላ ወንድ ጋር ስትማግጥ ሁለቱም ድምፃቸውን ያፍናሉ፤ አውራው ራቅ ያለበትን ጊዜም ይመርጣሉ። ከደረሰባቸው ይቀጣቸዋል።

ኪታብ የቀራ ደረሳ ይህን ሲሰማ ወዲያው ትዝ የሚለው ነገር አለ። ከታቢዒዮች አንዱ የሆኑት ዐምር ኢብኑ መይሙን በጃሂሊያ ዘመን ዝንጀሮዎች ዝሙት ሠራች ያሏትን ዝንጀሮ ከበው ሲወግሩ ማየታቸውና እሳቸውም አብረው መወገራቸው በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ አይደለም፤ አንድ ሰው አየሁ ያለው ነው። በእስልምና ማሾፍ የሚፈልጉ ይህችን ዘገባ ይወዷታል፤ ከእኛም ስትነሳ የሚሸማቀቅ አለ። ዑለሞቻችን ግን አልተሸማቀቁባትም፤ ተከራከሩባት እንጂ። ኢብኑ ዐብዱልበር ተክሊፍ በሌለበት፣ ማለትም በትእዛዝ ተጠያቂ ባልሆነ ፍጡር ላይ ዝሙትም ሐድም እንዴት ይባላል ብለው ተቃወሙ። ኢብኑ ሐጀር በፈትሑል ባሪ መለሱላቸው፦ ድርጊቱ በመልኩ ዝሙትንና ውግራትን ስለመሰለ በዚያ ስም ተጠራ እንጂ እንስሳዋ ተጠያቂ ናት ማለት አይደለም። ይህ የተጻፈው የስሜኑ ጥናት ከመታተሙ ከ500 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው።

ሆላንድ የተወለደው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ፍራንስ ደ ቫል ከሣራ ብሮስናን ጋር በ2003 ያሳተመውን ሙከራም ወጣቶቻችን ያነሱታል። ጦጣዋ ኪያር ሲሰጧት ደስ ብሏት ትበላለች፤ ለጓደኛዋ ወይን ሲሰጥ ካየች ግን ኪያሩን አልቀበልም ትላለች። ደ ቫል ከዚህና ከመሳሰለው ተነሥቶ ግብረ ገብ ከሃይማኖት ይቀድማል አለ። ይቅደም! እዝነት በኪታብ ተጀመረ ያለን ማን ነው? አላህ እዝነቱን መቶ ክፍል አድርጎ አንዷን ብቻ ወደ ምድር እንዳወረደ፣ ባዝራ ውርንጭላዋን እንዳትረግጥ ሰኮናዋን የምታነሳው በዚያች እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ይህን የሰማ ሙእሚን የጭላዳ እናት ርኅራኄ አያስደነግጠውም። እንዲያውም «እንስሳ ስሜት የለውም፣ በደመ ነፍስ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ነው» የሚሉ አንዳንድ ሰባኪዎቻችን ናቸው ከሐዲሱ የሚርቁት።

ወደ ሌላኛው ጫፍ የሄዱም ነበሩ። ቁርኣን እንስሳትን እንደ እናንተ ያሉ ኡመቶች ናቸው ስለሚል ለየዘሩ የራሱ ነቢይ ተልኮለታል ያሉ ሰዎችን ኢብኑ ሐዝም መልስ ሰጥተዋቸዋል። በቂያማ ቀን ቀንድ የሌላት በግ ከቀንዳሟ ቂሷስ እንደምታስወስድ የሚናገረውንም ሐዲስ ነወዊ ሲያብራሩ ቂሷሱ የተክሊፍ አይደለም፣ የማመሳሰል ነው ብለዋል።

ታዲያ ሃይማኖት ምን ጨመረ? በ2005 እ.ኤ.አ. በከፋ፣ ቢታ ገነት አካባቢ የሆነውን እናስታውስ። ሰባት ሰዎች የ12 ዓመት ልጅ ለጋብቻ ጠለፉ፣ ደበደቧት። ፖሊስ እንደተናገረው ሦስት አንበሶች ጠላፊዎቹን አባርረው ግማሽ ቀን ያህል አጠገቧ ቆዩ፤ ሰው ሲደርስ ትተዋት ወደ ጫካቸው ገቡ። አንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ ለቅሶዋ የደቦል ድምፅ መስሏቸው ይሆናል አለ። አላሁ አዕለም። አንበሶቹ በዚህ ጀነት አይጠብቃቸውም፤ ቢበሏትም ኖሮ ጀሀነም አይጠብቃቸውም ነበር። ሰባቱ ሰዎች ግን ይጠየቃሉ።

ጠለፋ ደግሞ «ባህል ነው» ሲባል የኖረ ነገር ነው። የመንጋው ስሜት ከጠላፊው ጋር ነበር። አውራው ጭላዳ የሚቀጣው የራሱን የነካበትን ነው፤ ለማያውቃት ባዳ ብሎ በገዛ መንጋው ላይ የሚነሣ ጭላዳ አልታየም። ሰው ግን በራሱ፣ በወላጁና በዘመዱ ላይ ሳይቀር በእውነት እንዲመሰክር ታዝዟል። ሰማያትና ምድር የፈሩት፣ ሰው የተሸከመው አማና ይህ ነው። ከደመ ነፍስ የሚመነጭ ደግነት እዚህ ድረስ አያደርስም፤ የእኛ አቋም ይህ ነው።

መመስከር የማይችሉትም እነዚሁ እንስሳት ናቸው። የደሪጣ ሲራራ ነጋዴ አባቶቻችን ኑሯቸው በአጋሰስ ጀርባ ላይ ነበር። በሻፊዒ ፊቅህ በነፈቃ ምዕራፍ ከሚስትና ከልጅ በኋላ የእንስሳ ቀለብ ይመጣል፤ ባለቤቱ እምቢ ካለ ዳኛ ያስገድደዋል፤ ላምም ጥጃዋን እስኪጎዳ ድረስ አትታለብም። ዛሬ በገበያ ቀን ገጣባ የወጣባት አህያ በቁስሏ ላይ ዳውላ ተጭኖባት ስታልፍ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ሰሐቦች በጉዞ ሲሰፍሩ ከእንስሶቹ ጭነቱን ሳያራግፉ ሱና ሶላት እንደማይጀምሩ አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) አውርተዋል። እኛ በጁሙዓ ቀን በመስጊድ አጥር ላይ የታሰሩ አህዮችን እናያለን፤ ኹጥባው አልቆ፣ ሶላቱ አልቆ፣ የደጁ ወሬም አልቆ ጭነቱ ከጀርባቸው አልወረደም።