የጥብቅ ደኖችን ፋይዳ በምን እንለካ?

የደን ጭፍጨፋ ጉዳይ ሲነሳ ብዙዎቻችን በቅድሚያ የሚታየን መፍትሔ መሬቱን በሕግ መከለል ነው። ብሔራዊ ፓርክ ይቋቋማል፤ ወሰኑም በካርታ ላይ ይሰመራል። ከዓመታት በኋላ በሳተላይት ሲታይ ከወሰኑ ወዲህ ያለው ደን ለምልሞ፣ ከወሰኑ ወዲያ ያለው ተመንጥሮ ይገኛል። ታዲያ ልዩነቱ ሁሉ የጥበቃው ውጤት ነውን? እኛ እንዲህ ብሎ መደምደም ስሕተት ነው እንላለን።

ጥብቅ ሥፍራዎች የሚመረጡት በዕጣ አይደለም። በብዙ አገሮች የሚከለለው ከከተማና ከመንገድ የራቀ፣ ተዳፋት የበዛበትና ለእርሻ የማይመች መሬት ነው። እንዲህ ያለውን ደን ባይከለልም እንኳ መጥረቢያ ፈጥኖ አይደርስበትም። ስለዚህ የተከለለው ደን መነጻጸር ያለበት በአቀማመጡ፣ በአፈሩና ከመንገድ ባለው ርቀት ከሚመስለው ያልተከለለ ደን ጋር ነው።

በኮስታሪካ በዚህ ዘዴ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ጥበቃ ባይደረግ ኖሮ ይመነጠር የነበረው ከተከለለው ደን 10 በመቶ ያህሉ ነው። የተለመደው ንጽጽር ግን ውጤቱን ከ65 በመቶ በላይ አጋንኖታል።

ይህ ጥበቃን ከንቱ አያሰኘውም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመና 147 አገሮችን ያካተተ ጥናት በሦስት አራተኛዎቹ ጥበቃው የተፈጥሮ ሽፋንን ከመመናመን እንደታደገ አረጋግጧል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በላቲን አሜሪካ በነባር ሕዝቦች ይዞታ ሥር ያሉ ደኖች ከሌሎቹ የጥበቃ ዓይነቶች የላቀ ውጤት ማስገኘታቸውን ገልጿል።

የዓለም መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2022 በሞንትሪያል፣ እስከ 2030 ድረስ የየብስና የባሕርን 30 በመቶ ለመጠበቅ ተስማምተዋል። ሥጋታችንም ከዚህ ላይ ነው። ማንም የማይሻማበትን መሬት በመከለል ቁጥሩን መሙላት ይቻላል፤ ደኑ ግን በሌላ በኩል ማለቁን ይቀጥላል። በአገራችን በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘውን የሐረና ደን እናስብ። የዱር ቡና የሚበቅልበት፣ ሰዎችም የሚኖሩበት ደን ነው። የጥበቃ እውነተኛ ፈተና እንዲህ ባለው ሥፍራ ነው፤ የነዋሪውን ኑሮ ያላገናዘበ ጥበቃም ከወረቀት አያልፍም።

እናንተም ነገ በዚህ ሙያ የምትሰማሩ ተማሪዎች፣ ስንት ሄክታር እንደተከለለ ሲነገራችሁ፣ «ባይከለልስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።