አምባዛውና አማቴ

ዛሬ ከወጥ ቤቴ ልጀምር።

ሐዋሳ ስንኖር አንድ ቅዳሜ ማለዳ ባለቤቴ ከአሞራ ገደል ሁለት አምባዛ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣ። ሣፋ ውስጥ አድርጌ እርጥብ ጆንያ ጣል አደረግሁባቸውና ወደ እኅቶች ጸሎት ሄድኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስመለስ አንደኛው ከሣፋው ወጥቶ በወለሉ ላይ ይሳባል! ቆሮሶ ቢሆን ኖሮ ገና ቤት ሳይደርስ አብቅቶለት ነበር። ጩኸቴን ሰምተው ጎረቤቶች መጡ። (ባለቤቴ እስከ ዛሬ ሰው ያስቅበታል።)

ምክንያቱን ያነበብኩት በኋላ ነው። አምባዛ እንደ ሌሎቹ ዓሦች ስንጥብ አለው፤ ከስንጥቡ በላይ ግን አበባ ጎመን የመሰለ፣ ደም ሥር የሞላበት ሌላ መተንፈሻ ተሰጥቶታል። ውሃው ደፍርሶ አየር ሲያጥረው ብቅ ብሎ ከላይ ይጎርሳል። ቆዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከውሃ ውጭ ለሰዓታት ይቆያል፤ በጎኑ ባሉት ክንፎች እሾህ እየተደገፈም ከኩሬ ወደ ኩሬ ይሻገራል።

ዝም ያለ ቢመስልም አዳኝ ነው። ሌሊት በስምንት ጢሞቹ ጨለማውን እየዳበሰ ትንንሽ ዓሣ፣ እንቁራሪትና ነፍሳት ያገኘውን ይውጣል። በቦትስዋናው ኦካቫንጎ ውሃው በሚጎድልበት ወቅት በመንጋ ሆኖ በደንገሉ ሥር ያድናል። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል፣ ክብደቱም እስከ 60 ኪሎ ሊደርስ ይችላል።

ይኸው ዓሣ በገሊላ ባሕርም ይኖራል። በማቴዎስ 13 ላይ ከመረቡ ተለይተው ከተጣሉት ዓሦች መካከል አምባዛ ሳይኖርበት አይቀርም የሚሉ ተንታኞች አሉ። እኔ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የተጣሉት የበሰበሱት ይመስሉኝ ነበር፤ አሁን ከባሕር የወጣ ዓሣ መቼ በሰበሰ? ዘሌዋውያን 11 ክንፍም ቅርፊትም ይጠይቃል። አምባዛ ክንፉ አለው፣ ቅርፊት ግን የለውም። በአገራችንም ብዙ ሰው የማይበላው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አማቴ ከገጠር መጡ። ጌታን ከተቀበሉ ገና ሦስት ወራቸው ነበር። የዓሣ ጉላሽ አቀረብኩ፤ ምን ዓሣ እንደሆነ አልተናገርኩም። አጣጥመው እየበሉ ሳለ ታናሹ ልጄ፣ «እማማ፣ ይኼ እኮ ጠዋት ወጥ ቤት ሲሄድ የነበረው አምባዛ ነው» አላቸው። እርሳቸውም የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ወደ መኝታ ክፍል ገቡ። ቡናም አልጠጡም።

መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ ተከተልኳቸው። የሐዋርያት ሥራ 10ን ገለጥኩ። (ለነገሩ ለጴጥሮስ በታየው ጨርቅ ውስጥ ዓሣ አልተጠቀሰም፤ ማታ ባለቤቴ ነው ያሳየኝ።) ማርቆስ 7ንም ጨመርኩ። ጨርሼ ዝም ስል፣ «ልጄ፣ ማንበቡን አንብቢልኝ፤ እማርበታለሁ። ግን ሳትነግሪኝ ለምን አበላሽኝ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሮሜ 14ን እኮ ለፈተና በቃሌ ይዤ ነበር! አጠገባቸው ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አልቅሻለሁም።

እኛ አምባዛ ዛሬም እንሠራለን። ሥጋው ለስላሳ፣ አጥንቱም ጥቂት ስለሆነ ለልጆች ይመቻል። እኅቶች፣ ልጋጉ እንዲለቅ በጨውና በሎሚ አሽታችሁ እጠቡት። አማቴ ሲመጡ ግን የምገዛው ቆሮሶ ነው። ቅርፊቱን ስፍቅ በርጩማ አስጠግተው ይቀመጡና ከተፈናጠረው አንዱን አንስተው መዳፋቸው ላይ ያገላብጡታል። «ይኼስ ለብሷል» ይላሉ፣ ሁለታችንም እንስቃለን።